በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ያለፈው ገመድ

መሰላሌን ለጎረቤቴ ለወይዘሮ ጫልቱ ሰጠኋት። አሁን ዶሮዎቿ ሲመሽ ይሰፍሩበታል። ብዙ ኮርኒስ ያየ መሰላል ነው፤ በአይሱዙ ጀርባ ተጭኖ ከእኔ ጋር ባቱ፣ ቡልቡላና አርሲ ነገሌ ተመላልሷል። እንግዲህ እሱም ጡረታ ወጣ ማለት ነው። ጉልበቴ እምቢ ያለኝ ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ መውጣቱ ከበደኝ፣ ቀጥሎ መውረዱ፣ በመጨረሻ ደግሞ ከላይ ሆኜ "አሁን እንዴት ልወርድ ነው?" እያልኩ መሥራት ጀመርኩ። እንዲህ እያሰበ ገመድ የሚስብ ሰው ወይ ገመዱን ያበላሻል ወይ ራሱን ይሰብራል። ሁለቱም ሳይደርስ ተውኩት።

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ሁሌም ያስቸግረኛል። በሰው ቤት የኢንተርኔት ገመድ እዘረጋ ነበር ስል የሚመለስልኝ አንድ ነው፤ "ዋይፋይ እያለ?" አዎ፣ ዋይፋይ እያለ። አዳማ ውስጥ ሰው ቤቱን በወፍራም ብሎኬትና በኮንክሪት ነው የሚሠራው፤ ሳሎን ላይ የሚፈነጥዝ ስልክ ሁለት ግድግዳ ካለፈ በኋላ ይለግማል። ይህን የቀመሰ ሰው ያኔ ይጠራኛል፤ ያልቀመሰውን አልከራከረውም። አንድ ጊዜ ብቻ ለክርክር በቂ የሆነ ቤት አጋጥሞኛል፤ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

የተወለድኩት ወንጂ፣ አገዳ ቆራጮች ሰፈር ነው። አባቴ ለአንድ ወቅት ሥራ ብሎ ከከምባታ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነበር። ትምህርት ስጨርስ የተገኘልኝ ሥራ የስኳር ፋብሪካው የስልክ ማዞሪያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ደፍቼ "ማንን ልስጥዎት?" እያልኩ መዋል። ሰው ሁሉ በእኔ በኩል ይነጋገራል፣ እኔን የሚያነጋግር ግን የለም። በመስኮቱ በኩል ደግሞ መስመር ጠጋኙ ጋሽ ቶላ ጉድጓድ አጠገብ ቁጭ ብለው ኬብል ሲቀጥሉ አያለሁ። እጃቸው ሲሠራ ፊታቸው ያርፋል። እኔም እንዲህ ያለ ሥራ አማረኝ። አለቃችንን ስጠይቃቸው "ሴት ልጅ ምሰሶ ላይ ከወጣች ሠራተኛው ሁሉ ቀና ብሎ እያየ ሥራ ይፈታል" አሉ። ጋሽ ቶላ ቆመው ሰምተው ኖሮ "ይፍታ፤ ድሮስ ምን ይሠራ ነበር?" ብለው ፒንሳቸውን ሰጡኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእሳቸው አልተለየሁም።

ነፍሳቸውን ይማርና ጋሽ ቶላ ወንጂ ተወልደው ወንጂ ያረጁ ነበሩ። ፍሎራይድ የበዛበት የወንጂ ውሃ ጥርሳቸውን አበልዞታል፤ በስተርጅና ደግሞ አንገታቸውን አድርቆት ወደ ጎን ለማየት መላ አካላቸውን ያዞሩ ነበር። ለማያውቃቸው ሰው ይህ አዟዟር ኩራት ይመስላል። ኦሮምኛው አማርኛቸው ውስጥ እንደ ልቡ ይገባል፣ እንደ ልቡ ይወጣል። "ኢንተላ ኮ" ካሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ደስ ብሏቸዋል። "ዘነበች" ብለው በስሜ ከጠሩኝ ግን ወይ አንድ ነገር አበላሽቻለሁ ወይ ነገሩ ከባድ ነው።

ሞባይል መጣና ማዞሪያ ክፍላችን ጭር አለ። መጀመሪያ ደዋዩ ቀነሰ፣ ከዚያ እኛ ተቀነስን። ስለ ስንብቱ ወረቀት ምልልስ የምለው የለኝም፤ ያየው ያውቀዋል። አዳማ በዚያ ጊዜ ቤት በቤት ላይ ይሠራባት ነበር። ባለቤቶቹ ወደፊት ፎቅ እጨምራለሁ እያሉ ጣሪያውን ኮንክሪት ይሞሉና ፌሮውን ወደ ሰማይ ቀስረው ይተዉታል። ቤት ውስጥ ደግሞ ኮምፒውተሩ፣ ካሜራው፣ ቴሌቪዥኑ ሁሉ መስመር ይፈልጋል። ጋሽ ቶላ አዲሱን ኬብል ከፍተው ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠማዘዙትን፣ በጥፍራቸው ለያይተው አዩ። "ሽቦ ሽቦ ነው፤ ይኼኛው ትንሽ ይቀብጣል እንጂ" አሉ። ተምረነው ሥራ ጀመርን።

መቅበጡ እውነት ነበር። ጥምዙን ጫፉ ላይ ከሚገባው በላይ ከፈታኸው ይዳከማል። እንደ ከብት ገመድ ከጎተትከው ውስጡ ተስቦ ይጎዳል፣ ከውጭ ግን ደህና ይመስላል። ማዕዘን ላይ ሲዞር ከሻይ ሰሐን ክብ ያነሰ መታጠፍ የለበትም። ከመብራት ገመድ ጋር በአንድ ቧንቧ አይገባም፤ ጎን ለጎን መሄዱ ግድ ከሆነ ጋሽ ቶላ ክርናቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው እስከ ጣታቸው ጫፍ ይለካሉ፣ ከዚያ አያስጠጉትም። ሁሉም መስመር ከአንድ መሃል ቦታ ተነስቶ ብቻውን እስከ ክፍሉ ይሄዳል፤ መንገድ ላይ መቀጠል የለም። ያ መሃል ቦታ ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ፣ ለሰው የማይታይ፣ መብራት ሲጠፋ የምትይዝ ትንሽ ባትሪ የሚያስቀምጡበት መሆን አለበት። ኮርኒስ ውስጥ፣ ከቆርቆሮው ሥር አይሆንም። የአዳማ ፀሐይ እዚያ ዳቦ ይጋግራል።

ይህን ማንም ይማረዋል። የጋሽ ቶላ ጥበብ ሌላ ነበር። አንድ ቤት ሲጠሩ ሜትራቸውን ሳያወጡ በጓሮ በኩል ይዞራሉ። ባለቤቱ "በዚህ በኩል ይግቡ እንጂ" እያለ ወደ ሳሎን ይጎትታቸዋል፣ እሳቸው ወደ ወጥ ቤት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ እኛ ዘንድ ሳሎን የሚሠራው ለእንግዳ ነው። ደህናው ሶፋ፣ ትልቁ ቴሌቪዥን፣ ብርጭቆ የተደረደረበት ቡፌ እዚያ ነው። ቤተሰቡ የሚኖረው ከኋላ ነው፤ የሚበላው ወጥ ቤት በር ላይ፣ የሚያጠናው መኝታ ቤት አልጋ ላይ፣ የሚያወራው ጓሮ። ባለቤቱን መስመሩን የት ትፈልጋለህ ብትለው ግን "ሳሎን!" ይላል። አይዋሽም፤ ቤቱን በእንግዳ ዓይን ማየት ስለለመደ ነው። ስለዚህ ጋሽ ቶላ ሰው አይጠይቁም ነበር። ነጠላ ጫማ ያያሉ። የትኛው በር ላይ ነው ጫማ የሚከመረው? የትኛው በር ላይ ነው የማይወልቀው? ሰው የሚኖርበትን ክፍል በዚያ ለይተው መስመሩን ወደዚያ ያደርሳሉ፤ ለባለቤቱ ደስታ ሳሎንም አንድ ይጨምሩለታል።

ሁለተኛው ልማዳቸው ሲባጎ ነበር። ገመድ በሳብንበት ቧንቧ ሁሉ ውስጥ አንድ ሲባጎ ትርፍ ትተው ይወጣሉ፤ ወደፊት ሌላ ገመድ የሚያስገባ ሰው በሱ እንዲስብ። "ለማን ነው?" ስላቸው "ለሚመጣው" ይሉኛል። የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ እኔው ነበርኩ።

ባቱ ላይ አንዲት ወይዘሮ ኢንተርኔቴ ሞተ ብለው አስጠሩን። ሄደን ስናይ ራውተሩን ቡፌ ውስጥ ከተው፣ አቧራ እንዳይነካው በዳንቴል ሸፍነው፣ መስተዋቱን ዘግተውበታል። እንደ ሙሽራ ተከናንቦ በሙቀት እየተቀቀለ ነበር። አርሲ ነገሌ የአንድ እህል ነጋዴ ቤት አይጥ ገመዱን ደጋግሞ በላብን፤ ስንዴ ጆንያ ሙሉ እያለ ለምን ፕላስቲክ እንደሚመርጥ እስካሁን አይገባኝም። በብረት ቧንቧ አሳለፍነውና ተገላገልን። ቡልቡላ ነፋሱ አቧራውን በቁልፍ ቀዳዳ ሳይቀር ያስገባል፤ እዚያ ሶኬቱን ሁሉ ወደ ታች የሚያይ አደረግነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመቱ ሄደ።

አሁን ወደዚያ ቤት ልምጣ። ባለቤቱ አቶ ግርማ የሽንኩርትና የቲማቲም ነጋዴ ናቸው፤ ሰው አክባሪ፣ ቤታቸውን ወዳድ። ቤቱ ከአዳማ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጥቁር ኮትቻ አፈር ላይ ነው። ቤተሰቡ ገብቶበት፣ ገና ቀለም ሳይቀባ ነበር የጠሩን። እንደ ልማዳችን በጓሮ ስንዞር ከሳሎኑ ጀርባ የተለጠፈ አንድ ክፍል አየን። ከሳሎኑ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል፣ በሩ ግን የሚከፈተው ወደ ጓሮ ብቻ ነው።

"ይኼስ?" አሉ ጋሽ ቶላ።

"ዕቃ ቤት ነው። ሽንኩርት ምናምን እናስቀምጥበታለን።"

"ገመድ አይፈልግም?"

አቶ ግርማ ሳቁ። "ለሽንኩርት ኢንተርኔት ምን ያደርግለታል፣ ጋሼ?"

እኛም ሳቅን። ከዚያ ጋሽ ቶላ መላ አካላቸውን አዙረው ወደ ደፉ ተመለከቱ። በሩ ሥር አንድ ጥንድ የሴት ነጠላ ጫማ ጎን ለጎን ተስተካክሎ ወልቋል። ውጭ ስንወጣ ቆሙ።

"ዘነበች፣ ዕቃ ቤት ለመግባት ጫማውን የሚያወልቅ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"አላየሁም።"

"እኔም።"

ስለዚያ ሌላ ቃል አልተነጋገርንም። የሰው ጓዳ ገብተን ስንሠራ ያየነውን አናወራም። በማግስቱ ጋሽ ቶላ ትርፍ ቧንቧ አለኝ፣ ከምጥለው ልቅበረው አሉና ከመሃል ቦታው ተነስተን፣ ሳሎኑን በውጭ ዞረን፣ እስከዚያ ክፍል ባዶ ቧንቧ ቀበርን። አቶ ግርማ የሳሎኑ ግድግዳ እንዳይነካ እንጂ ስለ ቧንቧው ግድ አልነበራቸውም። የጓሮውን ንጣፍ የሚሠራው ሰው አካፋውን ይዞ ቆሞ ይጠብቀን ስለነበር ጉድጓዱ ጥልቅ አልሆነም። ጋሽ ቶላ ቧንቧውን ቀጥ አድርገው አስተኙት፤ ሲባጎ አስገቡበት፤ ጫፉን በክፍሉ ግድግዳ ላይ በስካቶላ፣ በትንሿ የግድግዳ ሳጥን፣ ዘጉት። ለሚመጣው።

ከዚያ ዓመታት በኋላ ወይዘሮ አልማዝ፣ የአቶ ግርማ ባለቤት፣ ደወሉልኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር።

"እኚያ ሽማግሌ እስከ ዕቃ ቤቱ የቀበሩት ባዶ ቧንቧ አለ አይደል? ገመድ እንድታስገቢበት ፈልጌ ነው።"

"ለሽንኩርቱ?" አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

"ለልጄ" አሉ።

ምሕረት ትባላለች። የቤቱ ሦስተኛ ልጅ ናት፤ ሕፃን ሳለች ታማ እግሮቿ አልታዘዝ ብለዋት የቀረች። ከእናቷና ከእህቶቿ በቀር የሚያያት አልነበረም። ክፍሉ ግን ከየትኛውም ክፍል የበለጠ ንጹሕ ነበር። እሷ ተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ሆና ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ ይዛ ጠበቀችኝ። ከእህቶቿ ደብተር ተምራ፣ እህቶቿ ስልኳ ላይ ጭነው በሚያመጡላት ቪዲዮ የሒሳብ ትምህርት ተከታትላ፣ ባቱ አካባቢ ካሉት የአበባ እርሻዎች በአንዱ ከቤት ሆኖ የሚሠራ ሥራ አግኝታለች። የገዢዎችን ትእዛዝ በኢንተርኔት ጥሪ ተቀብላ፣ ለጭነት ክፍሉ ታስተላልፋለች። ለጊዜው ሙከራ ላይ ናት፤ ካለፈች ትቀጠራለች።

"እዚህ ስልክ አይሠራም ማለት ነው?" አልኳት።

"ስልኬ ግድግዳውን አያልፍም፣ እትዬ። እኔ ግን ግድግዳውን አልፌ ሁሉንም እሰማለሁ።" ወደ ሳሎኑ ግድግዳ በአገጯ አመለከተች። "የትልቋን እህቴን ሽማግሌዎች በድምፅ አውቃቸዋለሁ። አንዱ ያስነጥሳቸዋል።"

ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ስካቶላውን ከፍቼ ሲባጎውን ያዝኩ። ትንሽ ሲሳብ መጣ፣ ከዚያ በጣም ቀለለኝ። ሲባጎ ሲቀልል ደስ አይልም። አወጣሁት፤ አጭር ነበር፣ ጫፉ ተፈትሎ ጭቃ ነክቶታል። ከወዲያኛው ጫፍም ብስበው እንደዚያው ሆነ። ኮትቻ አፈር በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ሲሰፋና ሲጠብ ቀጥ ብሎ የተኛውን ቧንቧ ከመሃል ለይቶታል። ወንጂ አገዳ ውስጥ ጋሽ ቶላ ኬብል ሲቀብሩ በጥልቅ ቆፍረው እንደ እባብ አጣመው ነበር የሚያስተኙት፣ አፈሩ ሲሄድ አብሮ እንዲሄድ። እዚህ ግን ንጣፍ ሠሪው ቆሞ ነበር። አሁን ደግሞ ጓሮው በሙሉ ሴራሚክ ለብሷል፤ ቢቆፈርም አፈሩ ያው አፈር ነው።

እስከዚያው ብዬ መስኮቷ ላይ ሲግናል የምትቀበልና የምታስተላልፍ ትንሽ መሣሪያ ሰቀልኩ። መሣሪያዋ ሁለት ቀን ያህል ደህና ሠራች። ከዚያ መብራት እየጠፋ ሲመጣ መሣሪያዋ ለመነሳት ትዘገያለች፤ በመሃሉ ጥሪው ይቆረጣል። አንድ ጠዋት ገዢው ትእዛዙን እየነገራት ሳለ ድምፁ ተቆረጠ፤ መልሳ ስትደውል አላነሳም፤ የሰማችውን ያህል ይዛ አስተላለፈች። አበባው ወዳልታዘዘበት ቦታ ሄደና ተጣለ። ከእርሻው የደወለላት ሰውዬ ክፉ አልተናገራትም፤ ሥራሽ ጥሩ ነው፣ መስመርሽ ግን አያሠራም፣ እስከ እሑድ ካልተስተካከለ ቦታውን ለሌላ ሰው እንሰጣለን አላት።

ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። "የተጣለው አበባ ምን ዓይነት እንደነበረ እንኳ አላየሁትም" ነው ያለችው። እኔ ግን ወደ ቤቴ ስሄድ ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ። በሥራዬ ምክንያት ያለቀስኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጋሽ ቶላ በዚያ ጊዜ አርጅተው ከቤት አይወጡም ነበር። ነገርኳቸው። "ማል ታቴ?" አሉ መጀመሪያ፣ ምን ሆነች እንደማለት ነው፤ የሰሙኝ ስላልመሰለኝ ደገምኩላቸው። "ያንን አፈር አውቀዋለሁ" ብለው ከዘራቸውን አስመጡ። በባጃጅ ይዣቸው ሄድኩ። ጓሮውን አላዩም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በፊት ለፊት በር ገብተው ሳሎን ተቀመጡ። የገረመኝ እሱ ነበር።

አቶ ግርማ መጡ። ጋሽ ቶላ ነገሩን በአጭሩ ነገሯቸው። የመሃሉ ቦታ ከሳሎኑ በዚህ በኩል ነው፣ ልጅቷ በዚያ በኩል። በጣሪያ ላይ ቢወሰድ በፌሮው መሃል ፀሐይ ይበላዋል፣ ፎቁ ሲጀመርም መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። በውጭ ግድግዳ የመብራቱ ገመድ አለ። መሬቱን አይተነዋል። ኮርኒሱ ኮንክሪቱ ላይ የተለጠፈ ጂብሰም ነው፣ ውስጡ ባዶ የለውም። የቀረው መንገድ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ ከቡፌው በላይ፣ በፕላስቲክ ቦይ ውስጥ አድርጎ ቀጥ ብሎ መሄድና የጀርባውን ግድግዳ በስቶ መግባት ነው።

አቶ ግርማ የሳሎናቸውን ግድግዳ አዩት። "ይታያል?"

"ይታያል።"

"እሑድ ለሁለተኛዋ ልጄ ለትዕግሥት ሽማግሌ ይመጣል፣ ጋሼ። ከዚያ በኋላ ብትሠሩትስ?"

"ከዚያ በኋላ ሥራዋ የለም።"

"እርስዎ ሰውን አያውቁትም? በሽታው በደማቸው አለ ይላሉ። ትልቋን ስድር ያሳለፍኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። በምሕረት ጨክኜ መሰለዎት?" ይህን ሲሉ ዓይናቸውን ከጀርባው ግድግዳ ላይ አላነሱም። ያን ጊዜ ነው ሰውዬውን መቀየሜን የተውኩት፤ ፈርተው ነው እንጂ ጠልተው እንዳልሆነ ገባኝ።

ጋሽ ቶላ ከዘራቸው ላይ እጃቸውን አደራርበው "ግርማ፣ እኔ ሽማግሌ ሆኜ አልመጣሁም" አሉ። "እኔ ገመድ ነው የምዘረጋው። መሬት ውስጥ ደብቄ ዘርግቼው ነበር፤ መሬቱ አልተቀበለኝም። አሁን ግድግዳ ላይ ነው የሚሆነው። ሰው ደግሞ ግድግዳ ላይ ገመድ ካየ ወዴት ይሄዳል ብሎ ይጠይቃል። መልሱን አንተ ታውቃለህ።"

አቶ ግርማ ተነስተው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ "ቦዩ ምን ዓይነት ቀለም ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"ነጭ ነው።"

"ግድግዳው እኮ ክሬም ነው።"

"እንቀባዋለን፤ ያን ያህል አይለይም።"

አሰቡ። "ተዪው እህቴ" አሉ በመጨረሻ። "ነጭ ይሁን።"

በማግስቱ ጋሽ ቶላ ሶፋው ላይ ተቀምጠው በዓይናቸው እየተከተሉኝ ሠራሁት። ውሃ ልኬን እያስቀመጥኩ፣ ከቡፌው በላይ አንድ ክንድ፣ ቀጥ ያለ። ግድግዳውን ስበሳ ምሕረት ከወዲያ ሆና "መጣ! መጣ!" ትላለች። የመሰርሰሪያው ጫፍ ብቅ ሲል በጣቷ ነካችው መሰለኝ፤ "ይሞቃል" ስትል ሰማኋት። ገመዱን ሳስገባ ጋሽ ቶላ ከሶፋው "ኢንተላ ኮ፣ ሲባጎውን እንዳትረሺ" አሉኝ። ቦዩ ክዳኑ የሚነሳ ስለሆነ ሲባጎ አያስፈልገውም። ቢሆንም አስገባሁላቸው።

እሑድ ጠዋት ምሕረት ሥራ ገባች፤ አበባ እሑድ አያውቅም። እኔ መስመሩ እንዳይቆረጥ ልጠብቅ ብዬ መጣሁ፤ ወይዘሮ አልማዝ ደግሞ እጅ አነሰኝ፣ ለእንግዶቹ መስተንግዶ አግዢኝ ብለው አስቀሩኝ። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ። ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም አሉ፣ እንደ ወጉ። ቆመው ሳሉ ነው ትልቁ ሽማግሌ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ያረፈው። ቦዩን ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ በዓይናቸው ተከተሉት፤ ግድግዳው ውስጥ ሲገባም አዩት።

"አቶ ግርማ፣ ይኼ ነጭ ነገር ምንድነው? የመብራት ነው?"

"የኢንተርኔት ገመድ ነው።"

"ወዴት ነው የሚሄደው? ከዚያ ወዲያ ቤት አለ እንዴ?"

ወይዘሮ አልማዝ ትሪውን እንደያዙ ቆሙ። እኔም ቆምኩ። ከግድግዳው ጀርባ የምሕረት ድምፅ በእንግሊዝኛ ሲናገር በስሱ ይሰማል፤ እዚያ ሳሎን ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። የመለሱት አቶ ግርማ ናቸው።

"ወደ ልጄ ክፍል ነው።"

"ትዕግሥት?"

"አይደለችም። ታናሿ ናት። ሦስት ልጆች ናቸው ያሉኝ። ምሕረት ትባላለች። እግሯን ያማታል፣ አእምሮዋ ግን የሁላችንንም ይበልጣል።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እኚያ ያስነጥሳቸዋል የተባሉት ይሁኑ ሌላ አላውቅም፣ አንዱ አስነጠሱ። ትልቁ ሽማግሌ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"እንግዲያው የቤቱን ልጅ ሳናይ እንዴት ነገር እንጀምራለን? ጥሯትና ሰላም ትበለን።"

አቶ ግርማ ግድግዳውን አዩ፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹን አዩ። እንዲያ ቀና ብለው ሲቆሙ አይቻቸው አላውቅም።

"አሁን አይቻልም" አሉ። "ሥራ ላይ ናት። ስትጨርስ ትመጣለች።"

ሽማግሌዎቹም ተቀመጡና ጠበቋት።